መጠይቁ «እስማማለሁ» ሲል፣ ነርሶቹ ሌላ ሲናገሩ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች ስለ ሥራቸው ያላቸውን አመለካከት ለመመረቂያ ጽሑፌ እያጠናሁ ነው። መጠይቁን ያሰራጨሁትም የሰበሰብሁትም በማትሮኗ (በነርሶቹ ኃላፊ) በኩል ሲሆን፣ አብዛኞቹ ለሁሉም ዐረፍተ ነገሮች «እስማማለሁ» ብለዋል። በሻይ ሰዓት ግን እነዚያው ነርሶች ሥራውን መልቀቅ እንደሚፈልጉ ይነግሩኛል። የትኛውን ልመን? (የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ወረቀቱ በማን እጅ እንዳለፈ ያስቡ። የተረኝነት ድልድል ለሚያወጡና የሥራ አፈጻጸም ለሚሞሉ ኃላፊ መጠይቁን መልሶ የሚያስረክብ ነርስ፣ ስሙን ባይጽፍም ዕድሜው፣ ፆታውና የሥራ ክፍሉ ሲደመሩ ማንነቱን እንደሚያሳብቁበት ያውቃል። ስለዚህ የለኩት እርካታን ሳይሆን ጥንቃቄን ሊሆን ይችላል። በድጋሚ የሚያሰራጩ ከሆነ በታሸገ ፖስታ ራስዎ ይሰብስቡ፤ «ይህን ሥራ ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ» የመሰሉ ተቃራኒ ዐረፍተ ነገሮችንም ይቀላቅሉበት። ለእነዚህም ለሌሎቹም «እስማማለሁ» ያለ ሰው ጥያቄውን አንብቦ እንዳልመለሰ ይገመታል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ መልሶች የግድ አይጣሉም። የሥራ መሰላቸትን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበትና በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ በክርስቲና ማስላክ (Maslach) ስም የሚጠራው መጠይቅ 22 ጥያቄዎቹን በስሜት መዛል፣ ከታካሚ በስሜት መራቅና በሥራ ውጤት መርካት በሚሉ ሦስት ክፍሎች የሚለያያቸው፣ ሰው ሥራው ዋጋ እንዳለው እያመነም ሊዝል ስለሚችል ነው። ታካሚ መርዳትን የምትወድ ሲስተር በደመወዙ ወይም በሌሊት ተረኝነቱ ምክንያት መሄድ ብትፈልግ አልዋሸችም፤ የዋሸው ሁሉን በአንድ አማካይ ነጥብ የደመረው ሠንጠረዥ ነው። ደመወዝን፣ ተረኝነትን፣ ከሐኪሞች ጋር ያለ ግንኙነትንና ዕውቅናን ለየብቻ ይተንትኑ።

የሻይ ሰዓቱን ወሬ ግን በጽሑፍዎ አይጠቀሙበት። ፈቃድ አልተጠየቀበትም፤ ደግሞም በባልደረቦች መካከል ማማረር አንዳንዴ የጨዋታው ወግ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይሁንታ አግኝተው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከአዳር ወጥታ እንቅልፍ ያልጠገበችን ሳይሆን ያረፈችን ነርስ ለብቻዋ ያነጋግሩ። «ሥራዎን ይወዳሉ?» ከማለት «ባለፈው የሌሊት ተራዎ ምን ምን አጋጠመዎት?» ማለት ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ትሕትናን ይጋብዛል፣ ሁለተኛው ታሪክን ያወጣል። መጠይቁ ስም ስለሌለበት ተጠያቂዎችን በሰጡት ነጥብ መምረጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ከድንገተኛ፣ ከማዋለጃና ከተኝቶ ሕክምና ክፍሎች፣ ነባርና አዲስ አቀላቅለው ይምረጡ። ከቻሉም በቅርቡ የለቀቁ ጥቂት ነርሶችን ይጨምሩ፤ እጅግ የተከፉት መጠይቁ ሳይደርሳቸው ሄደው ሊሆን ይችላልና።