አንበሳ ማቀፍ የለም፦ ስለ ዱር እንስሳት ማገገሚያ ለጠየቃችሁኝ

በዱር እንስሳት ማገገሚያ በበጎ ፈቃድ ስለማገልገል ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ዛሬ አራቱን ልመልስ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ሆለታ አቅራቢያ ባለው ማዕከል ክረምቱን ባገለግል አንበሶቹን እቀርባቸዋለሁ? (ተማሪዋ፣ ከቢሾፍቱ)

አትቀርቢያቸውም እህቴ፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ያልሽው ማዕከል፣ የዱር እንስሳት ተቆርቋሪው ድርጅት ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ፣ የሚቀበለው በሰንሰለት የኖሩ፣ ከሰው ግቢ የተወሰዱ፣ ከኮንትሮባንድ የተያዙ እንስሳትን ነው። ሰው የለመደ ጦጣ ዱር ቢለቀቅ ተመልሶ መንደር ይገባል። እዚያ ድንጋይና ውሻ ይጠብቁታል። በእንዲህ ያሉ ማዕከሎች የበጎ ፈቃደኛ ሥራ በአብዛኛው ከአጥር ወዲህ ነው፤ ጎመንና ካሮት መክተፍ፣ ገንዳ ማጠብ፣ ማን በላ ማን ተወ እያሉ መመዝገብ። ምግቡን አንድ ቦታ ዘርግፎ መሄድ ግን አይሆንም። ካሮቷ ጣት አክላ ተቆርጣ ድርቆሽ ውስጥ ትደበቃለች። ጦጣው ድርቆሹን እየበተነ ሲፈልግ ረፋዱ ያልፋል። ዱርም ቢሆን ውሎው ምግብ ፍለጋ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለእኔ የለም።

ዱባይ ነው የምሠራው። ኢንተርኔት ላይ የአቦሸማኔ ግልገል ሲሸጥ አየሁ። ገዝቼ ለማዕከል ብሰጠውስ?

ወንድሜ፣ ደግ ልብ አለህ፤ ግን እባክህ አትግዛ። ከእነዚህ ግልገሎች ብዙዎቹ የሚነጠቁት ከእኛው ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከጎረቤቶቻችን ምድር ነው። በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። በዓለም ላይ ዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች እኮ 7,000 ያህል ብቻ ናቸው! አንተ ስትከፍል ሻጩ ሌላ ግልገል ፍለጋ ይወጣል። ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አደገኛ አውሬን በግል ማሳደግ ከልክላለች። ማስታወቂያውን ለሚመለከተው ጠቁም። ገንዘብህን ደግሞ ሶማሌላንድ ውስጥ የተያዙ ግልገሎችን ለሚያሳድገው ለአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ላክ። ግልገል ከእናቱ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ነው አደን የሚማረው። ያንን መተካት ብዙ ወጪ አለው።

ደቡብ አፍሪካ ከፍዬ የአንበሳ ደቦል ጡጦ የማጠባበት ፕሮግራም አግኝቻለሁ። ልሂድ?

አትሂድ። እናትየው የት እንዳለች፣ ደቦሉ ሲያድግ የት እንደሚሄድ ጠይቃቸው። በዚያ አገር ለንግድ በእርባታ ካደጉ አንበሶች መካከል በአጥር ውስጥ ለአዳኝ የሚቀርቡ አሉ። እውነተኛ ማገገሚያ ለጎብኚ ደቦል አያሳቅፍም።

ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል፤ ማዕከሉ የማገለግልበት ተራዬ ነገ ነው። ልሂድ?

ቅሪ። ጦጣና ዝንጀሮን የእኛ በሽታ ይይዛቸዋል፣ ሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ። ስትድኚም የእብድ ውሻ በሽታና የቴታነስ ክትባትሽን ሳትጨርሺ ሥራ አትጀምሪ።