ቀስቱ የት ገባ? የኢንዲኬተር ኮድ ጥያቄዎቻችሁ
ኢንዲኬተር በገበያ ዋጋ ቻርት ላይ መስመር ወይም ምልክት የሚሥል ፕሮግራም ነው። የደረሱን ጥያቄዎች ኢንዲኬተራቸውን ራሳቸው ከሚጽፉ ወይም ከሌላ ሰው ያገኙትን ኮድ ከሚያስተካክሉ አንባቢያን ናቸው። የኮድ ቃላቱን እንደ አነባበባቸው በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስቀምጠናቸዋል።

ጥያቄ፦ በትሬዲንግቪው (የቻርት ድረ ገጽ) በፓይን ስክሪፕት፣ በራሱ የኮድ ቋንቋ፣ የጻፍኩት ኢንዲኬተር የመግዣና የመሸጫ ቀስት ያወጣል። ቻርቱን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ቀስቶቹ ዋጋው በታጠፈበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። በቀጥታ ስከታተለው ግን ቀስቱ ይወጣና ከደቂቃዎች በኋላ የለም። የምሠራው በ15 ደቂቃ ቻርት ነው፤ አቅጣጫውን ከዕለታዊው መዝጊያ እወስዳለሁ፤ መታጠፊያውን ደግሞ በፒቮት፣ በግራና በቀኙ ካሉት ካንድሎች በሚበልጠው ወይም በሚያንሰው ጫፍ፣ እፈልጋለሁ። ኮዱ ምንም ኤረር አያሳይም።

መልስ፦ ሪፔይንት የሚባለው፣ አንዴ የወጣ ምልክት በኋላ የሚለወጥበት ወይም የሚጠፋበት ችግር ነው። እንደገለጹት ከሆነ ከሦስት አቅጣጫ ሊመጣብዎት ይችላል፤ አንዱን ዘግተው ሌላውን ቢተዉት ቀስቱ መጥፋቱን አይተውም። ሳያውቁት ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ስለሆነ፣ ሳይጨርሱት በዚህ ኢንዲኬተር አንድም ግብይት እንዳያደርጉ አጥብቀን እንመክራለን።

መጀመሪያ ያልተዘጋውን ካንድል (የቻርቱን አንድ ባር፣ በእርስዎ የ15 ደቂቃ ዋጋ) ይመልከቱ። ባለፉት ካንድሎች ላይ ኮዱ በየካንድሉ አንድ ጊዜ፣ በመዝጊያው ዋጋ ይሮጣል። ገና በሚሠራው ካንድል ላይ ግን ዋጋው በተነቃነቀ ቁጥር እንደገና ይሮጣል፤ «ክሎዝ» ብለው የጠሩትም የዚያችን ቅጽበት ዋጋ ይሰጥዎታል። በ7ኛው ደቂቃ የተሟላው ሁኔታ በ12ኛው ደቂቃ ሊፈርስ ይችላል፤ ሲፈርስ ቀስቱም ይጠፋል። የሲግናሉን ሁኔታ ካንድሉ ሲዘጋ ብቻ እውነት ከሚሆነው ከ«ባርስቴት.ኢዝኮንፈርምድ» ጋር በ«አንድ» (በእንግሊዝኛው and) ያያይዙት፤ አለርቱንም ካንድሉ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጮህ አድርገው ያስተካክሉት። ቀስቱ እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። የሚገቡበት ዋጋም የሚቀጥለው ካንድል መክፈቻ ነውና ስሌትዎን በእሱ ይሥሩ።

ሁለተኛው ዕለታዊው መዝጊያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሌላ ጊዜ ርዝመት ዋጋ በሚያመጣው «ሪኩዌስት.ሴኩሪቲ» ውስጥ «ሉክአሄድ» ያለውን ቅንብር ከፍተው የዛሬውን «ክሎዝ» እንዲሁ ከጠሩ፣ ኮዱ ባለፉት ቀናት ላይ የቀኑን መጨረሻ ከመጀመሪያው ካንድል ጀምሮ ያውቃል። 24 ሰዓት በሚሠራ ገበያ ቀኑ 96 የ15 ደቂቃ ካንድሎች አሉት፤ ጠዋት የወጣው ቀስት ከ95 ካንድል በኋላ የሚሆነውን አይቶ የወጣ ነው ማለት ነው። ባክቴስቱ፣ ባለፈው ዋጋ ላይ የሚደረገው ሙከራ፣ የሚያምረውም ለዚህ ነው። ቅንብሩን ቢዘጉት ደግሞ ባለፉት ቀናት አዲሱ ዋጋ የሚታየው በቀኑ የመጨረሻ ካንድል ላይ ነው፤ በቀጥታ ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ ሲለዋወጥ ይውላል። ስለዚህ ያለፈውና ቀጥታው አሁንም አይገጥሙም። ሁለቱን የሚያስታርቀው አሠራር ዋጋውን በ[1] አንድ ቀን ወደ ኋላ መግፋትና «ሉክአሄድ»ን መክፈት፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ከአዲሱ ቀን የመጀመሪያ ካንድል ጀምሮ የትናንቱን የተረጋገጠ መዝጊያ ያገኛሉ፤ ያለፈውም ሆነ ቀጥታው አንድ ይሆናል። [1]ን ረስተው «ሉክአሄድ»ን ብቻ ከከፈቱ ግን ወደ መጀመሪያው ጥፋት ይመለሳሉ።

ሦስተኛው ፒቮቱ ነው። በግራና በቀኝ 5 ካንድል የሚጠይቅ ፒቮት ከፍታው የሚታወቀው 5 ካንድል ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ኮዶች ምልክቱን በ«ኦፍሴት» በ5 ወደ ኋላ ስበው ጫፉ ላይ ያስቀምጡታል። ለማየት ጥሩ ነው፤ አለርቱ ግን የሚመጣው ከ5 ካንድል፣ በእርስዎ ቻርት ከ75 ደቂቃ በኋላ ነው። «ኦፍሴት»ን 0 ያድርጉትና ሲግናሉ በእርግጥ የሚደርስዎትን ቦታ ይመልከቱ። ሁልጊዜ ጫፍ ላይ የነበሩት ቀስቶች ወደ ቀኝ ሲሸሹ ያያሉ፤ ስልትዎ ያኔም የሚያዋጣ ከሆነ ነው የሚያዋጣው።

ለመፈተን ይህን ያድርጉ። ኢንዲኬተሩን በ1 ደቂቃ ቻርት ላይ ለአንድ ሰዓት ከፍተው የወጡትን ቀስቶች ከነሰዓታቸው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ገጹን እንደገና ይክፈቱት። ከጻፉት ውስጥ አንድ እንኳ ቢጎድል ወይም ያላዩት ቢጨመር ሪፔይንቱ አልጠፋም።

ጥያቄ፦ ከሜታትሬደር (የግብይት ፕሮግራም) 4 ወደ 5 ያዛወርኩት ኢንዲኬተር ኮምፓይል ሲደረግ ደህና ነው። ቻርት ላይ ስጥለው ግን ምንም አይሥልም፤ ኤክስፐርትስ በሚለው ታብ ላይ «አሬይ አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚልና (38,21) የሚል ቁጥር አለ። አንድ ጊዜ አስተካክዬው ሲሠራ ደግሞ ሙቪንግ አቨሬጁ (ተንቀሳቃሽ አማካዩ) 10 ላይ የተዘረጋ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ።

መልስ፦ ቁጥሩ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ይነግርዎታል፤ 38ኛው መስመር፣ 21ኛው ፊደል። እዚያ ሄደው በቅንፍ [ ] ውስጥ ያለውን ቁጥር ይፈልጉ። ቻርቱ 1000 ባር ካለው የሚፈቀደው ከ0 እስከ 999 ነው። ሉፑ ከ0 ጀምሮ «ክሎዝ»[i-1]ን ከጠራ፣ የመጀመሪያው ዙር ላይ -1ን ጠየቀ፤ ፕሮግራሙም እዚያው ቆመ። በተገላቢጦሽ የሚሄድ ኮድ [i+1] ሲል ደግሞ i 999 ሲሆን 1000ን ይጠይቃል። ሜታትሬደር 4 ላይ «ስትሪክት» የሚለው ትእዛዝ ከሌለ ይህ ጥፋት በዝምታ ይታለፍ ስለነበር፣ አሮጌ ኮድ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ መኖሩ አይገርምም።

አቅጣጫውንም ያረጋግጡ። በሜታትሬደር 5 ውስጥ ቁጥር 0 የትኛው ባር እንደሆነ በግምት አይተዉት፤ ለእያንዳንዱ አሬይ (የዋጋ ዝርዝር) አቅጣጫውን የሚወስነውን «አሬይሴትአዝሲሪስ»ን ራስዎ ይጻፉ። የዋጋው አሬይ በአንድ አቅጣጫ፣ የሚሥሉበት በፈር (የሚሣለው ዋጋ የሚቀመጥበት አሬይ) በሌላ አቅጣጫ ከተቀመጠ ኤረር ሳይኖር ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል።

0 አሮጌው ባር ከሆነ ሉፑ የሚነሳበትን እንዲህ ይወስኑ። «ፕሬቭ_ካልኩሌትድ»፣ ቀድሞ የተሰሉት ባሮች ብዛት፣ 0 ከሆነ ከፔሬዱ (ስሌቱ ከሚወስደው የባር ብዛት) ይጀምሩ፤ ለ14 ፔሬድ ከ14 ማለት ነው። ካልሆነ ከ«ፕሬቭ_ካልኩሌትድ» ሲቀነስ 1 ይጀምሩ። ያቺ 1 ትንሽ ትመስላለች፤ ከረሷት ግን እያንዳንዱ ባር በተከፈተበት የመጀመሪያ ዋጋ ብቻ ተሰልቶ ይቀራል፤ ቻርቱን ዘግተው ሲከፍቱ መስመሩ ሁሉ ይቀየራል። ከፔሬዱ በፊት ያሉትን ባሮች ራስዎ በ«ኢምፕቲ_ቫልዩ» ይሙሏቸው፤ ካልሞሏቸው በፈሩ ውስጥ የተገኘው ትርፍራፊ ቁጥር ይሣላል። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር የሚሮጠው «ኦንካልኩሌት» በመጨረሻ «ሬትስ_ቶታል»ን፣ የባሮቹን ጠቅላላ ብዛት፣ ይመልስ። 0 ከመለሰ በእያንዳንዱ የዋጋ ለውጥ ታሪኩ በሙሉ ከአዲስ ይሰላል፤ ፕሮግራሙም መንቀርፈፍ ይጀምራል።

10 ላይ ስለቆመው መስመር፦ ሙቪንግ አቨሬጁን የሚያሰላው «አይኤምኤ» በሜታትሬደር 4 ዋጋውን ራሱን ይመልስ ነበር። በ5 የሚመልሰው መያዣ፣ ማለትም ሀንድል ነው፤ እንደ 10 ወይም 11 ያለ መለያ ቁጥር። እርስዎ የሣሉት መለያውን ነው። ሀንድሉን ኢንዲኬተሩ ሲነሳ በሚሮጠው በ«ኦንኢኒት» ውስጥ አንድ ጊዜ ይፍጠሩት፤ ዋጋውን «ኦንካልኩሌት» ውስጥ በ«ኮፒበፈር» ያምጡ። «ኮፒበፈር» -1 ከመለሰና የስህተት ቁጥሩ 4806 ከሆነ ዳታው ገና አልተዘጋጀም፤ 0 መልሰው ይውጡ፣ በሚቀጥለው የዋጋ ለውጥ እንደገና ይሞክራል።

ጥያቄ፦ ራሴ የጻፍኩት የ14 አርኤስአይ (የዋጋውን ጥንካሬ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ኢንዲኬተር) ከቻርቱ አርኤስአይ ጋር አይገጥምም። ኤክስፖኔንሻል አቨሬጅ ነው የተጠቀምኩት።

መልስ፦ ማለስለሻው ነው። አርኤስአይ በ1978 ሲወጣ ጀምሮ የሚሰላው በፈጣሪው በዋይልደር ማለስለሻ ነው፤ የቀድሞው አማካይ በ13 ይባዛል፣ አዲሱ ለውጥ ይደመራል፣ ድምሩ ለ14 ይካፈላል። የአዲሱ ዋጋ ድርሻ 1/14፣ ማለትም 0.071 ገደማ ነው። ተራው የ14 ኤክስፖኔንሻል ግን 2/15፣ 0.133 ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ የእርስዎ መስመር በጣም ይቅበጠበጣል። ኤክስፖኔንሻሉን መተው ካልፈለጉ ፔሬዱን 27 ያድርጉት፤ 2/28 ከ1/14 ጋር እኩል ነው።

ከዚያም በኋላ ትንሽ ልዩነት ከቀረ መነሻውን ይመልከቱ። የመጀመሪያው አማካይ የ14 ለውጦች ተራ አማካይ ነው፤ ለዚያ 15 መዝጊያ ያስፈልጋል። የመነሻው ተጽዕኖ ከ14 ባር በኋላ ገና 35 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ100 ባር በኋላ ከ0.1 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከ100ኛው ባር ወዲህ ያድርጉት። አማካይ ኪሳራው 0 የሚሆንበትን ጊዜም አይርሱ፤ አርኤስአይ 100 ነው ብለው ቀድመው ካልወሰኑ ሜታትሬደር ለ0 ማካፈል ነው ብሎ ኢንዲኬተሩን ሊያቆመው ይችላል።

በሜታትሬደር 2/(14+1) ብለው ጽፈው ከሆነ መልሱ 0 ነው፤ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ትርፉ ይጣላል። 2.0 ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በፓይን ስክሪፕት ተከታታይ አረንጓዴ ካንድሎችን የሚቆጥር ቫሪያብል አለኝ። ከ1 አያልፍም።

መልስ፦ ኮዱ በየካንድሉ ከላይ እስከ ታች ይሮጣል፤ «ቆጣሪ = 0» ያለው መስመር በየካንድሉ ወደ 0 ይመልሰዋል። ፊቱ ላይ «ቫር» ያድርጉበት፤ አንዴ ብቻ ይነሳል። «ኢፍ» ውስጥ ሲጨምሩ = ሳይሆን := ይጠቀሙ፤ = ካሉ ያ ብሎክ ሲያልቅ የሚጠፋ ሌላ ቫሪያብል ፈጠሩ። «ክሮስኦቨር»ንና መሰሎቹን ከ«ኢፍ» ውጭ አስልተው ውጤቱን ብቻ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ በየካንድሉ ካልተጠሩ ታሪካቸው ይዘላል።

ጥያቄ፦ ኤረር የለም፤ መስመርም የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከባዶው ዋጋ፣ ከ«ኤንኤ»። የ200 አማካይ በመጀመሪያዎቹ 199 ካንድሎች ላይ ባዶ ነው፤ ሲምቦሉ 150 ካንድል ብቻ ካለው መስመሩ ጭራሽ አይወጣም። ድምር የሚያጠራቅም ቫሪያብል አንዴ «ኤንኤ» ከገባበት እስከ መጨረሻው «ኤንኤ» ነው፤ የሚደመረውን ባዶውን በ0 በሚተካው በ«ኤንዚ» ይክበቡት። ባዶነትን በ== አይፈትኑ፤ «ኤንኤ()» የሚለውን ፋንክሽን ይጠቀሙ። ከዚያ በመካከል ያሉትን ስሌቶች አንድ በአንድ ይሣሉና ዳታ ዊንዶው ላይ ዋጋቸውን ያንብቡ። መጀመሪያ ባዶ የሆነው ስሌት ጥፋቱ ያለበት ነው። ዋጋ እያለ መስመሩ ካልታየ ደግሞ ስኬሉን ይመርምሩ፤ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር 1.08 ላይ በሚገበያይ ዋጋ ላይ ከተደረበ ወይ እሱ ወይ ካንድሎቹ ከዓይን ይሰወራሉ። በራሱ ክፍል እንዲሣል «ኦቨርሌይ»ን «ፎልስ» ያድርጉት።