ስለ ማዳበሪያ ድጎማና ስለ ግብርና በጀት ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ብዙ ዓመት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ፤ ሙያዬ አፈር ነው። ድጎማ ሲሳሳና በጀት ሲቀነስ ገበሬው ማሳ ላይ ምን እንደሚደርስ ጠይቁኝ። የዘንድሮን ዋጋ ግን የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁን ጠይቁ። ፖለቲካም አልመልስም።

የቡሬው፦ ጋሼ፣ መንግሥት «ድጎማ አላነሳሁም» ይላል። ታዲያ ማዳበሪያ ለምን እንዲህ ተወደደ?

መልስ፦ ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነዋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የድጎማው ብር ቢጨምርም የማዳበሪያው ዋጋ እየቀደመው ይሄዳል። የኔ እኩዮች ደግሞ በ1990ዎቹ መግቢያ ድጎማ ጭራሽ ሲነሳ አይተናል። ያኔ ገበሬው በዱቤ ይወስዳል፣ ዋሱ ክልሉ ነው፣ ያልተመለሰ ዕዳ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ዕዳ ሰብሳቢ ማን ሆነ? የልማት ሠራተኛው። ጠዋት «ማዳበሪያ ውሰዱ» ያለ ሰው ማታ «ዕዳ ክፈሉ» ሲል ማን ይሰማዋል?

ተማሪ ነኝ፦ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዳው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሥራ ማስኬጃ። ይህን ያዙልኝ። ደመወዝ አይነካም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው። የሚቆረጠው ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የሠርቶ ማሳያ ዘር ነው። ሞተር ሳይክሉ ጎማው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፎ ታገኘዋለህ። የገበሬ ማሠልጠኛው ተቆልፎ ሠርቶ ማሳያው ላይ አረም በቅሏል። ማንም «ቀነስን» ብሎ አላወጀም።

እናት ዓለም፦ የዘንድሮ ዩሪያ ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብቢ እህቴ።

የአዊ ልጅ፦ እኛ ጋ ማዳበሪያ ብንጨምርም ምርቱ አይጨምርም። ኖራ ይመጣል ተብሎ ነበር፣ ቀረ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ገደማው በአሲድነት የተጠቃ ነው። ጎጃም፣ አዊ፣ ወለጋ፣ ሲዳማ እያልክ ቁጠር። እንዲህ ያለ አፈር የማዳበሪያውን ፎስፈረስ፣ ማለት ሰብሉ የሚመገበውን አንዱን ንጥረ ነገር፣ አንቆ ይይዘዋል፤ ሥሩ አያገኘውም። ማለትም መንግሥት የደጎመው ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ አሲዱን የሚያበርድ የተፈጨ ድንጋይ። ግን ማዳበሪያ በሄክታር ሁለት ኩንታል ገደማ ሲሆን ኖራ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይጠይቃል። ድንጋዩ ደጀንም ጉደርም አለ፣ እሱ አይደለም ችግሩ። ውዱ ማጓጓዣው ነው፣ ማጓጓዣ ደግሞ ሥራ ማስኬጃ ነው። አየህ ወዴት እንደመጣን?

ሌላም አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ኖራ ግን ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ከአፈር መቀላቀል አለበት። በዚያ ሰዓት የዓመቱ ብር ተሟጧል። ጭማሪ ተለምኖ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ መኪና ሲገኝ ሰኔ መጨረሻ ሆነ። ኖራው መንገድ ዳር ተራግፎ ዝናብ ሲወርድበት ይረጋል፣ በዶማ ካልሆነ አይፈነቀልም። እናንተው አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው እህሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን ግራር የተከለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አፈሩ እንቢ ብሎት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አፈር ሳታስመረምሩ ኖራ አትበትኑ። ሲበዛም ይጎዳል።

ከዴንቨር፦ ይቅርታ፣ ድጎማ ገበያ ያበላሻል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ድጎማውን ቆረጠች፣ ገበሬዎቿ አልጠፉም።

የቡሬው፦ አንተ ያለህበት አገር ገበሬ የሚደጎመውን ቆጥረኸዋል ወይ ወንድሜ? እዛ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው።

ከዴንቨር፦ የአሜሪካም ልክ ነው አላልኩም። ስድብ አያስፈልግም።

የቡሬው፦ የት ሰደብኩህ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ፣ ጥያቄና መልስ ነው እንጂ ሸንጎ አይደለም። የዴንቨሩ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። የኒውዚላንድ ገበሬ የራሱ መሬት፣ ባንክና የውጭ ገበያ ነበረው። የከሰረው እርሻውን ሸጦ ወጣ። የኛ ገበሬ መሬት መሸጥ አይችልም፤ ሲከስር የሚሸጠው በሬውን ነው። በሬ ከሌለ ደግሞ የከርሞ እርሻ የለም። በጎቻቸውም ከ70 ሚሊዮን ወርደው ዛሬ ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

ሰቆጣ፦ የአሜሪካ እርዳታ ከቆመ ወዲህ ሴፍቲኔትስ?

መልስ፦ ሴፍቲኔት፣ ማለት ችግረኛው እርከን የመሰለ ሥራ እየሠራ የሚከፈልበት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ ብዙው ብር የለጋሾች ነው፣ የዓለም ባንክም አለበት። ስለዚህ አንዱ ሲወጣ ይንገዳገዳል እንጂ በአንድ ቀን አይዘጋም። እናንተን የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። የጥር ክፍያ ሚያዝያ ከመጣ ፍየሏ ተሸጣለች። እርከኑም በዛው ሳይጠገን ክረምት ይገባል። ከዚህ በላይ የሴፍቲኔት ሰው ይመልስ።

አዲስ ገበሬ፦ የሰብል ኢንሹራንስ ይሻላል ወይስ ድጎማ?

መልስ፦ ለየብቻ ናቸው። ዝለሉኝ።

መሐመድ ነኝ፦ ማዳበሪያ ዘንድሮ ስንት ገባ?

መልስ፦ ወይ ፈጣሪዬ! ሦስት ጊዜ ልጻፈው እንዴ? ማኅበራችሁን!

ደብረ ማርቆስ፦ አቅሜ ለግማሽ ማዳበሪያ ብቻ ነው። ሁሉም ማሳ ላይ ላሳሳው?

መልስ፦ አታሳሳው። እርጥበት የሚይዘውን፣ ደህናውን ማሳ ምረጥና እሱን በወጉ አብላው፤ ለሌላው ባቄላ ወይም ሽምብራ ዝራበት። ዩሪያውን በዘር ወቅት ሙሉውን አትጨርስ፣ ከፍለህ ስጥ። ኮምፖስት ካለህ ጨምር። መሬትህ ወደ አሲድ ያደላ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ምክር አይሠራም፣ ባቄላም አይሆንልህም። አስመርምር!

የአዊ ልጅ፦ «አስመርምሩ» እያልክ ነው፣ እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርከንም።

መልስ፦ ልክ ነህ። ከአንድ ማሳ አሥር አሥራ አምስት ቦታ፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍር። ፍግ የተከመረበትን፣ ዛፍ ሥርና ድንበሩን ተው። በፕላስቲክ ባልዲ አቀላቅልና ጥላ ሥር አድርቅ። አንድ ኪሎ ያህሉን ስምህንና ቀበሌህን ጽፈህ ለልማት ሠራተኛው ስጠው፤ ወደ ክልሉ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይላካል። ነዳጅ የለም ካለህ ራስህ በመናኸሪያ በኩል ላከው። ፒ ኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ከመጣ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፣ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግህ አብረን እናሰላለን።