የሲጋል ወረፋ ከፋብሪካው የመጣ አይደለም

ጠያቂው ወንድማችን ያነሡት ጉዳይ ሁለት ነገር ይዟል። ለሲጋል፣ ማለትም የቻይናው ቢዋይዲ ለሚሠራው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቀብድ ከፍለው ለወራት ሲጠብቁ ሻጩ «ፋብሪካው ለትእዛዝ መድረስ አቅቶታል» እንዳላቸው ገልጸው፣ ይህ እውነት መሆኑንና መጠበቁ ዋጋ ያስቀንስ እንደሆነ ጠይቀዋል። በተሽከርካሪ ማስመጣትና በትራንዚት ሥራ ውስጥ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልጻፍ። ባጭሩ፣ ምክንያቱ ፋብሪካው ነው የሚለው አያሳምነኝም።

ሲጋል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ለሽያጭ ሲቀርብ በቻይና የመነሻ ዋጋው 73,800 ዩዋን ነበር። በመጋቢት 2024 ወደ 69,800 ወረደ፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ኩባንያው ባደረገው ቅናሽ 55,800 ዩዋን ገባ። ትእዛዝ ከአቅሙ በላይ የሆነበት አምራች በሁለት ዓመት ውስጥ ከዋጋው ሩብ ያህሉን አይቀንስም፤ እንዲህ ያለ ቅናሽ የሚታየው መኪናው ከገዢው ሲበዛ ነው። ቢዋይዲ በ2024 ብቻ ከ4.2 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችን የሸጠ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ400 ሺህ የሚበልጠው ወደ ውጭ የሄደ ነው። የኢትዮጵያ ገዢዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢያዝዙ እንኳ ለዚህ ዓይነቱ ፋብሪካ ከባድ ሸክም አይሆንም። በተጨማሪም እንደ ቻይናውያን በቀኝ መንገድ የምንነዳ በመሆናችን መሪው በግራ የሆነውን፣ ለራሳቸው ገበያ የተሠራውን መኪና እንዳለ እንወስዳለን። መሪው በቀኝ እንዲሆን የሚፈልጉ አገሮች ለብቻ የሚመረት መኪና መጠበቅ አለባቸው፤ እኛ ግን ከቻይና ነጋዴ ግቢ የቆመውን ገዝተን መጫን እንችላለን። (የዚህ ጣጣው ሌላ ነው፤ ስክሪኑ በቻይንኛ፣ የቻርጀሩ ሶኬት በቻይና ደረጃ፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ እዚያው የሚቀር ነው።)

ታዲያ ወራቱ የት ይሄዳል? በእኔ ልምድ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው መኪናው ገና ሳይገዛ ነው። አነስተኛ አስመጪ ሃያና ሠላሳ መኪና በራሱ ገንዘብ የሚገዛበት አቅም ስለሌለው፣ የእርስዎንና የሌሎችን ቀብድ አጠራቅሞ አንድ ጭነት እስኪሞላለት ይጠብቃል። ከዚያ የባንክ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ይከተላል፤ ከዚያም የመርከብ ቦታ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የጉምሩክ ዋጋ ትመና፣ በመጨረሻም ሊብሬና ሰሌዳ። የባሕሩ ጉዞ ሰው እንደሚያስበው ረጅሙ ክፍል አይደለም። ሻጩ «ጭነት አልሞላልኝም» ከማለት ይልቅ «ፋብሪካው አላደረሰም» ማለቱ የሚቀለው ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

ፍላጎቱም ቢሆን ከሚወራው በታች ነው ባይ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቀው ሰው እንደበዛ አይካድም። ይሁን እንጂ የሚጠይቅ ሁሉ ገዢ አይደለም፤ አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ቀብድ አስይዞ ቀድሞ የደረሰለትን ይወስዳል፣ ሦስቱም አስመጪዎች ግን በየመዝገባቸው ቆጥረውታል። በቴሌግራም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አንዲት ነጭ ሲጋል፣ በመስታወቷ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ሳይቀር ያው ሆኖ፣ በአምስት ደላሎች ገጽ በአምስት ዋጋ ትወጣለች። ስለዚህ ገዢውም መኪናውም ከልኩ በላይ ይታያል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ «ስማርት» በተባለችው መኪና አይተውታል። በፈረንሳይ አምባክ የምትሠራው ባለሁለት መቀመጫ መኪና አሜሪካ ከመግባቷ በፊት ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች የሚመለስ 99 ዶላር አስይዘው ወረፋ ያዙ፤ ያኔም ወሬው ሁሉ ፋብሪካው ይችል ይሆን ወይ የሚል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቤንዚን ተወዶ ስለነበር 24,622 ተሸጠች፤ በ2010 ግን ሽያጩ ከ6,000 በታች ወረደ። የተያዘው 99 ዶላር ስሜትን እንጂ የመግዛት ቁርጠኝነትን አልለካም ነበር።

የእኛ አገር ቁርጠኛ ገዢ በአመዛኙ የራይድ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ የነዳጅ ወጪውን በየቀኑ አስልቶ ስለሚያውቀው አያመነታም። ቀሪው ግን ይጠራጠራል፣ እውነትም አለው። ቪትዝ (የቶዮታን ትንሽ የቤንዚን መኪና) የገዛ ሰው መኪና ብቻ አልገዛም፤ ከዓመታት በኋላም አትርፎ ሊሸጠው የሚችል ንብረት ነበር የያዘው። የሲጋል የድጋሚ ሽያጭ ዋጋ ገና አልለየለትም፤ ባትሪውን ገምግሞ ዋጋ የሚቆርጥ ሰውም በየመንደሩ የለም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለበት፤ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አውርዶ በጋራ ግቢ ሌሊቱን መኪና ቻርጅ ማድረግ ከጎረቤትም ከኮሚቴም ጋር ያጣላል። እነዚህ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ ዋጋ ያወዳድራሉ፣ ከዚያ ይተዉታል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በቻይና የወረደው ሁሉ እዚህ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አልፏል። በዩዋን የተቀነሰው ሩብ ያህል ነው፤ የዶላሩ ዋጋ በብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ነጋዴውም የሚሸጥልዎ በገዛበት ሒሳብ ሳይሆን የሚቀጥለውን በሚያስገባበት ሒሳብ ነው። ለዚህ ነው ቅናሽ ለማግኘት ብቻ መጠበቅን የማልመክረው። ለማመንታት በቂ ምክንያት የሚሆነው ከዋጋው ይልቅ ቤትዎ ቻርጅ ማድረጊያ አለመኖሩ ነው።

አሁን ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የመኪናዎን የሻንሲ ቁጥርና የመርከብ ጭነት ሰነዱን ቅጂ። ሁለቱም ካሉ መኪናዎ በመንገድ ላይ ነውና የቀረው የወደብና የጉምሩክ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩም በቀብድ ደረሰኝዎ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ሁለቱም ከሌሉ ግን መኪናው ገና አልተገዛም ማለት ነው፤ ያኔ የማስረከቢያ ቀንና ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ካልተሰጠዎት ገንዘብዎን መልሰው ቢወስዱ ይሻላል።