ጎበዝ መቺ፣ ጎበዝ አለቃ? የቤዝቦል ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ቤዝቦል ማናጀሮች (ዋና አሰልጣኞች ማለት ነው) ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። አብዛኛው ከዋሽንግተንና ከአካባቢው ነው። የረዘሙትን አሳጥሬያለሁ፣ ስድብ ያለባቸውን ትቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማናጀሩ ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ ለምን የተጫዋች ልብስ ይለብሳል?

የድሮ ልማድ ነው፤ ያኔ ብዙ ማናጀሮች ራሳቸው ይጫወቱ ነበር። ኮኒ ማክ ግን ፊላደልፊያ አትሌቲክስን ከ1901 እስከ 1950 በሱፍና በከረባት መርቷል። ማንም አልከለከለውም።

ጨዋታ በመኪናቸው ሬዲዮ የሚከታተሉ ባለ ታክሲ፦ ጨዋታውን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ምርጡ ተጫዋች ነው። ታዲያ ምርጦቹ ማናጀር ሲሆኑ ለምን ይወድቃሉ? ሰው ስለሚቀናባቸው ነው?

ቅናቱን እንተወው፣ ጋሼ። እዚያው እርስዎ ከተማ የሆነውን ልንገርዎት። በ1969 የዋሽንግተን ሴናተርስ ባለቤት ቦብ ሾርት ቴድ ዊሊያምስን ማናጀር አድርጎ አመጣ። ዊሊያምስ በ1941 .406 የመታ ሰው ነው፤ ከ1,000 ሙከራ 406 ጊዜ እንደ መምታት ማለት ነው። የላይኛው ሊግ (ሜጀር ሊግ) ሁለት ክፍሎች በሆኑት በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ ከሱ ወዲህ .400 የደረሰ የለም። ማናጀርነት ግን በታችኛው ሊግ እንኳን ሞክሮት አያውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ሠርግና ምላሽ ነበር። በ1968 65 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን 86 አሸነፈ። ዊሊያምስም የዓመቱ ምርጥ ማናጀር ተባለ። “ታላቅ ተጫዋች የሚያውቀውን ማስረዳት አይችልም” የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። ሰውየው ማስረዳት ያውቅበታል፤ ስለ መምታት ከጀመረ አያቆምም። ግዙፉን ፍራንክ ሃዋርድን መጥፎ ኳስ ዝም ብሎ ማሳለፍ አስተማረው። ሃዋርድ በ1968 54 ጊዜ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ተራምዶ ነበር (አራት መጥፎ ኳስ ያሳለፈ መቺ በነፃ ይራመዳል)፤ በ1969 102 ጊዜ ሆነ። (ልክ ነው፣ በዚያው ዓመት ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ የሚቆምበት ጉብታ ዝቅ ስለተደረገ ለመቺዎች ሁሉ ቀሏቸዋል። ምስጋናው በሙሉ የሱ አይደለም።)

በቀጣዩ ዓመት 70 አሸነፉ። ከዚያ 63። በ1972 ቡድኑ ወደ ቴክሳስ ሄዶ 54። ዊሊያምስም በቃኝ ብሎ ወጣ።

እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው እውቀት አይደለም። የማናጀር ዋና ሥራ በ162 ጨዋታ ውስጥ ሰው መያዝ ነው። የደከመውን ፒቸር መቼ ላውጣ? ሳምንት ሙሉ ወንበር ያሞቀውን ልጅ ሞራሉን እንዴት ልጠብቅ? ይህን ሰው የሚማረው ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያም በትናንሽ ከተሞች በአውቶቡስ ሲንከራተት ነው። ኮከቡ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ጫማውን ሲሰቅልም ስሙ ትኬት ስለሚያሸጥ በቀጥታ ከላይ ያስቀምጡታል።

ዋልተር አልስተን በሜጀር ሊግ ለመምታት የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1936። እሱንም ስቶ ወጣ። ከዚያ ዓመታት በታችኛው ሊግ ሲያሰለጥን ከረመ። ከ1954 እስከ 1976 ዶጀርስን መርቶ 4 ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱን ሻምፒዮና) በላ። የተካው ቶሚ ላሶርዳ በፒቸርነት አንድም ሳያሸንፍ 4 የተሸነፈ ነው፤ እሱም 2 ዋንጫ አመጣ።

ከዚህ ተነስተው “እንግዲያው ደካማ ተጫዋች ነው ጎበዝ ማናጀር የሚሆነው” እንዳይሉኝ። አብዛኛው ተጫዋች መካከለኛ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ማናጀርም ከመካከለኞቹ ይወጣል። ከነሱ መሀል የከሸፉትን ማን ያስታውሳል? ጆ ቶሬ ደግሞ በ1971 የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ነበር፤ ኒው ዮርክ ያንኪስን 4 ጊዜ ሻምፒዮን አድርጓል። ያውም መጀመሪያ ከሦስት ቡድን ተባርሮ! ትምህርቱን የተማረው እዚያ ነው።

ካቸሮች (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀልቡት) የተሻሉ ማናጀሮች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ምክንያት አለው። ካቸሩ ብቻ ነው ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊት የሚያየው። ፒቸሩን ሲያባብልና ሲቆጣ ነው የሚውለው። 4 ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈው ብሩስ ቦቺ ተቀያሪ ካቸር ነበር። ግን ዴቭ ማርቲኔዝ ካቸር አልነበረም፤ በ2019 የዋሽንግተኑን ናሽናልስ ሻምፒዮን አድርጓል። ከዚያ በፊት 10 ዓመት የማናጀሩ የጆ ማደን ረዳት ነበር።

የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ኮከቦች ወደቁ ትላላችሁ። ዕድሉን ጭራሽ ያላገኙት ኮከቦችስ?

ዋናውን ጥያቄ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የዩኒቨርሲቲሽ ሆስፒታል የቆመው የድሮው ግሪፊዝ ስታዲየም በነበረበት ቦታ ነው፤ ከ9ኛና ከዩ ጎዳና ሐበሻ ቤቶች የእግር መንገድ ነው። ዋልተር ጆንሰን እዚያ እየተጫወተ 417 ጨዋታ ያሸነፈ ፒቸር ሆነ። በ1929 ደግሞ የዚያው ቡድን ማናጀር አደረጉት። የጥቁሮቹ ቡድን የሆምስቴድ ግሬይስ ኮከቦች ጆሽ ጊብሰንና ባክ ሌናርድም እዚያው ሣር ላይ ተጫውተዋል። ጥቁር ስለሆኑ ሜጀር ሊጉ በተጫዋችነት እንኳን አላስገባቸውም። ማናጀርነቱን ማን አንስቶት!

ሜጀር ሊጉን ለጥቁር ተጫዋቾች የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን በኦክቶበር 1972 ወርልድ ሲሪስ ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥቁር ማናጀር ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። በ9 ቀኑ አረፈ።

ፍራንክ ሮቢንሰን 586 ሆም ራን (አብዛኛውን ጊዜ አጥር የሚያልፍ ምት) የመታ፣ በሁለቱም ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለ የመጀመሪያው ሰው ነው። ለሱ ግን ስሙ ብቻ በር አልከፈተለትም። ክረምት ክረምት ፖርቶ ሪኮ እየሄደ የሳንቱርሴን ቡድን ሲመራ ኖረ። ዊሊያምስ ሳይጠየቅ ያለፈውን ፈተና እሱ ለዓመታት ተፈተነ። በመጨረሻ ክሊቭላንድ ቀጠረው፤ የሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ማናጀር ሆነ። ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ገና እየተጫወተ ስለነበር ራሱን የመቺዎች ተራ ውስጥ አስገባና በመጀመሪያ ምቱ ሆም ራን መታ። የመክፈቻዋን ኳስ የወረወረችው የጃኪ ባለቤት ሬቸል ሮቢንሰን ናት።

1,065 አሸንፎ 1,176 ተሸንፏል። ይህን ቁጥር ብቻ እየጠቀሱ “ኮከብ፣ ግን መካከለኛ ማናጀር” የሚሉት ያበሽቁኛል። የሰጡት ቡድን ምን ነበር? በ1988 የባልቲሞሩን ኦሪዮልስ ሲረከብ ቡድኑ 6 ተከታታይ ተሸንፎ ነበር፤ ሽንፈቱ 21 ደርሶ ነው የቆመው። በዓመቱ ግን 87 አሸንፈው እሱ የዓመቱ ምርጥ ማናጀር ሆነ። ባለቤት አጥቶ ሊጉ የያዘውን የሞንትሪያል ቡድንም ሰጡት፤ በ2005 ያው ቡድን ናሽናልስ ተብሎ ዋሽንግተን ሲገባ የመራው እሱ ነው።

አንዲት እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ የ11 ዓመት ልጄ በሁለት ቡድን ፒቸር ነው። ክርኑን ያመዋል። አሰልጣኙ በኮሌጅ ኮከብ የነበረ ሰው ነው፤ “እኔንም ያመኝ ነበር፣ በረዶ ያዝበት” ይላል።

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁሚና የልጆች ሐኪም ጋ ደውዪ። ቀልድ አይደለም። አጥንቱ ገና እያደገ ያለ ልጅ ክርኑን ካመመው አይወረውርም፣ አለቀ። የስፖርት ጉዳት ሐኪም ጋ እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ ካመነቱ ደግመሽ ጠይቂ። ሜጀር ሊጉ ራሱ ባወጣው መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን ጣሪያው 85 ውርወራ ነው፣ ከዚያም የግድ እረፍት። ሁለት ቡድን ሲሆን ማንም አይቆጥርለትም። አንቺ ቁጠሪ። አሰልጣኙ የራሱ ክንድ ስለተረፈለት የሁሉም ይተርፋል ብሎ ያስባል።

በየትኛው ማናጀር ላይ ልወራረድ? ታክስስ አለው?

አልነግርህም። 4,256 ጊዜ የመታው ፒት ሮዝ የሲንሲናቲ ማናጀር ሆኖ በራሱ ቡድን ላይ ሳይቀር በመወራረዱ በ1989 ታገደ፤ እንደታገደም ሞተ። ታክሱን አካውንታንት ጠይቅ።

ከአዲስ አበባ፦ ቤዝቦሉን ተወውና በኛ ኳስስ?

ይድነቃቸው ተሰማ። የጊዮርጊስ ኮከብ ነበሩ፤ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን ያሰለጠኑትም እሳቸው ናቸው።

ባለቤቴ ናሽናልስ ጨዋታ ልትወስደኝ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በ2023 የውርወራ ሰዓት ቆጣሪ ከገባ ወዲህ ሁለት ሰዓት ተኩል ከትንሽ ነው። ድሮ ከሦስት ሰዓት ያልፍ ነበር። ሂድ እንጂ፣ ምን ታንገራግራለህ!