ዋሽንግተን ሌላ ኳርተርባክ ያስፈልገዋል ወይ?

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ፣ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ጄይደን ዳንኤልስ በ2025 ደጋግሞ ስለተጎዳ፣ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት) ሌላ ኳርተርባክ ቢመርጥ አይሻልም ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። በ2024 በ2ኛነት የተመረጠው ይህ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን በ12 ድል ታጅቦ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ ያደረሰ ሲሆን፣ በዚያ ጨዋታ በፊላደልፊያ ኢግልስ ቡድን 55 ለ 23 የተሸነፍነው ኳስ ደጋግመን ስለጣልንና መከላከላችን ስለፈረሰ ነው፤ የእነሱ ሯጭ ሳኳን ባርክሊ ገና ኳስ በነካበት ቅጽበት 60 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር የሚያቆመው አልተገኘም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ምርጫ የተጋጣሚን ኳርተርባክ አሳድዶ ለሚጥል ተከላካይ መዋል አለበት። ተጠባባቂው ኳርተርባክ ከኋለኞቹ ዙሮች ይምጣ፤ በ2012 ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት ያን ሁሉ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለሌላ ቡድን ከከፈልን በኋላ፣ ቦታውን የወረሰው በዚያው ድራፍት በ4ኛው ዙር የተገኘው ከርክ ከዝንስ አልነበረምን?