መልስ፦ የኮምፋ 54 እና የፋርፊልድ 540 ለምን ተለያዩ?

ሰላም ወንድሜ። ያንኑ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ኮምፋ እና ፋርፊልድ በሚባሉት ሁለት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ሶፍትዌሮች አስልተህ አንዱ 54፣ ሌላው 540 ሰጠኝ፤ የትኛው ተሳስቷል ብለሃል። ምናልባት አንዱም አልተሳሳተም። ኮምፋ የሚሰጥህ በአሮጌው ዘዴ የሚሰላውን ፒሲኤን ነው፤ አዲሱ ፋርፊልድ ደግሞ ፒሲአር ይሰጥሃል። ሁለቱም ንጣፉ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም የሚገልጹ ቁጥሮች ናቸው። የፒሲአር ቁጥር በግምት አሥር እጥፍ ስለሚሆን ሁለቱ እንዳይምታቱ ይረዳል። ግን 54ን በአሥር አባዝተህ ሪፖርት ላይ እንዳታሰፍር፤ ስሌቱ ራሱ ተቀይሯል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አይካኦም ከኅዳር 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚቀበለው አዲሱን ነው።

ለንጣፉ ውፍረት ስሌት ፋርፊልድን ተጠቀም፤ ነፃ ነው። አስፋልቱን በድርብርብ ኢላስቲክ ስሌት፣ ኮንክሪቱን በፋይናይት ኤለመንት (ንጣፉን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) ይሠራዋል። ሲዲኤፍ የሚባለው የጉዳት ድምር ቁጥር 1 እስኪደርስ አንዱን ንጣፍ ያወፍራል ወይም ያሳሳል። ሲዲኤፍ 1 ማለት ንጣፉ በዲዛይን ዘመኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዓመት፣ የድካም አቅሙን ልክ ጨረሰ ማለት ነው። ከ1 በለጠ? ንጣፉ ቀጥኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከንጣፉ ሥር ባለው አፈር (ሰብግሬድ) ላይ ነው። የአፈሩ የጥንካሬ መለኪያ ሲቢአር 8 ከሆነ ኢላስቲክ ሞዱለሱ (የአፈሩ ግትርነት) ወደ 83 ሜጋፓስካል ይመጣል (1500 ሲባዛ በ8፣ ማለትም 12,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች))፤ ይህ በአፈር ጥንካሬ ምድቦች ምድብ ሲ ነው። በሞዱለሱ ቦታ 8 ብለህ ካስገባህ ጭቃ ላይ እየሠራህ ነው፣ ውፍረቱም ያስደነግጥሃል።

አውሮፕላኖቹንም አንድ ከባድ ብቻ መርጠህ አታስገባ፤ ሁሉንም በዓመት ከሚነሱበት በረራ ብዛት ጋር አስገባ። አንድ አውሮፕላን ብቻ የመምረጥ የድሮው ልማድ እዚህ አይሠራም።

ፋይልህን ላከው፣ የሰብግሬዱን መስመር አየዋለሁ።